አምስተኛው ካሬ

ጃንዋሪ 28፣ ረቡዕ

ዋሪንካ ሆስፒታል በር ላይ፣ መኪና ውስጥ። ሜርቭ ማሽኑ ላይ ነው። ገና በጠዋቱ ከበጋው ሙቀት የተነሳ የመኪናው መሪ በእጅ አያስነካም።

ጀልባችንን ሊያነሱት ነው! ወሬ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጋዜጣው በፎቶ አወጣው። የምክር ቤት አባላችን ዴሚየን ክሎዝ ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ «ማሻገሪያው አርጅቷል፤ መንግሥታችን በማርቹ ምርጫ ከተመለሰ ሕዝቡ በድልድዩ እንዲገለገል እናደርጋለን» ይላል። በድልድዩ! አንድ ቀን ሄዶበት ያውቃል? ወንዙን ይዞ ቁልቁል መውረድ ነው፣ ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ሽቅብ መመለስ። ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። በጀልባው አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱም ነጂው ስለ እግር ኳስ ማውራት ከጀመረ።

እኛ ኩምባ ነን፤ ሆስፒታሉ ዋሪንካ ነው፤ መሃላችን ወንዙ ነው። ሜርቭ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተሻግሮ ደሙን ይታጠባል። ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው። ካልታጠበ ይሞታል፤ ነገሩን ማለባበስ አያስፈልግም። መኪናችን ጀልባው ላይ ወጥታ የብረት ገመዱ መጎተት ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ማዶ ስንደርስ ይገልጣል። ከዚያ የረዘመ መንገድ አይችልም።

ደሜ ፈልቷል። ነርሷ አይታኝ «ነይ የአንቺንም ግፊት እንለካው» አለች። ለምኑ? ቁጥሩን ለክሎዝ ትልክልኛለች?

ፌብሩዋሪ 1፣ እሑድ

ኖሪን ተሻግራ መጣች። ኖሪን የሜርቭ ታናሽ እህት ናት፤ ቤቷ ከኛ ትይዩ ነው፣ በዋሪንካ በኩል። የወይን እርሻዋ ግን እኛ ዘንድ ስለሆነ እሷም ያለ ጀልባው አይሆንላትም።

«ኮሚቴ እናቋቁም» አለች። ሐሙስ ዕለት እኔ ያልኳትን ነው መልሳ የነገረችኝ፤ ግድ የለም። ከየትኛውም ፓርቲ ያልሆነ የራሳችንን እጩ እናቆማለን። ክሎዝ ባለፈው ለጥቂት ነው ያመለጠው። ዘንድሮ ደግሞ ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች እኩል ለእኩል ናቸው ይባላል፤ በመሃል አንዲት የግል ተወዳዳሪ ከገባች መንግሥት የሚቆመው በእሷ ነው። ያን ጊዜ «መጀመሪያ ጀልባዬን» ትላለች።

ማን ይወዳደር የሚለው በሐሙሱ ስብሰባ ይወሰናል። እኔ በበኩሌ አልጓጓም። በሽተኛ አስታማሚ ነኝ፣ ሥራ ሞልቶኛል። ግን ከጠየቁኝ እምቢ ብዬ ሰው አላሳፍርም።

ሰማያዊ ጃኬት ገዛሁ። ድሮም ያስፈልገኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ 5፣ ሐሙስ ማታ

ኖሪንን መረጡ።

ወንበር የደረደርኩት እኔ። በራሪ ወረቀት በየቤቱ የበተንኩት እኔ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩን በደብዳቤ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣሁት እኔ። የዋሪንካ ክለብ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ይነሳና «ግሌኒስ ፔንሮዝ ይህን ትግል የጀመረች ናት፤ እናመሰግናታለን» ይላል። ጭብጨባ። «ነገር ግን ሰው ማግባባት የሚችል እጩ ያስፈልገናል።» ነገር ግን! «ነገር ግን» የሚከተለው ምስጋና ምን ይሠራልኛል? እጅ ሲወጣ የእሷ የእኔን ሦስት እጥፍ ሆነ። ኖሪን መሬት መሬት እያየች «እኔ እኮ አልጠበቅኩም» ትላለች። ያልጠበቀ ሰው የተጻፈ ንግግር ከቦርሳው አያወጣም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ሜርቭን «አንተ ለማን እጅህን አወጣህ?» አልኩት።

«ሽንት ቤት ነበርኩ።»

«ልክ በዚያች ሰዓት?»

«ኩላሊት የሌለው ሰው እኮ ሽንት ሲመጣለት ዕድል ነው፤ አያሳልፈውም» አለ።

አልሳቅኩም። የጀልባው ነጂ ሳቀ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ዓርብ

አልተናደድኩም። የመርህ ጉዳይ ነው።

ፌብሩዋሪ 10፣ ማክሰኞ

በራሴ ልወዳደር ነው። ለጋዜጣው ደውዬ ነገርኩት። ፎቶ ሊያነሱኝ መጡ፤ ሰማያዊው ጃኬት በዚህ ሙቀት ቢያቃጥልም ለበስኩት።

«ሁለት ሰው ለአንድ ጀልባ?» አለ ሜርቭ።

«በኛ አገር ሕግ ድምፅ ይተላለፋል እንጂ አይባክንም። ይህን አታውቅም?»

«አውቃለሁ፣ ግሌን። ከተላለፈ ነዋ» ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ወዳለው የክሪኬት ጨዋታ ዞረ።

ደክሞታል። ከሰኞ ጀምሮ እግሩ አብጧል፤ ከተፈቀደለት በላይ ውሃ መጠጣቱን ሳይደብቀኝ አይቀርም።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ

ኖሪን የሻይ ኬክ ጋግራ፣ በክሬምና በጃም፣ ፎጣ አልብሳ ይዛ መጣች። ጉቦ በፎጣ አይሸፈንም።

«አኩርፈሻል» አለችኝ።

«ማን? እኔ?»

«እሺ አላኮረፍሽም። ስሚኝ ግሌኒስ፤ ለመራጩ በማድለው ካርድ ላይ ከእኔ ቀጥሎ አንቺን ነው የማደርገው። ሁለተኛ። አንቺም እኔን ሁለተኛ አድርጊኝ። ማናችንም ብንወድቅ ድምፃችን ለሌላችን ይገባል፤ ክሎዝ በየት በኩል ያመልጣል?»

«አስብበታለሁ።»

«ለሜርቭ ነው እኮ።»

ለሜርቭ ነው ትለኛለች! ሌሊት ሲያቃትት የምነሳው እኔ፣ ጨው የሌለው ምግብ ይጣፍጥ ብዬ የምታገለው እኔ፤ ስለ ሜርቭ የምታስረዳኝ እሷ። ስትሄድ ኬኩን ለወፎቹ በተንኩት። ሜርቭ ቀድሞ ሁለት በልቶ ነበር።

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

የጎረቤታችን የሃርጂንደር ቤተሰብ አምና ዜግነት ወስዶ ዘንድሮ ገና መምረጡ ነው። ሃርጂንደር ራሷ ያልመረጠ እንደሚቀጣ ሰምታ፣ ከወይን ለቀማው በቀጥታ፣ እጇ በጭማቂ እንደተለጣጠፈ መጣች።

አስቀምጬ አስረዳኋት። እጩው አምስት ነው። እኔ፤ ኖሪን፤ ክሎዝ፤ ተቃዋሚው ፓርቲ ከከተማ የላከው ፍሬዘር የሚባል ጎረምሳ፤ የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ይቅር የሚለው ዱድሪጅ። ወረቀቱ ላይ አምስት ካሬ አለ፤ እንደ ምርጫሽ ከአንድ እስከ አምስት ትሞያለሽ። ሲቆጠር አነስተኛ ድምፅ ያገኘው ይወድቃል። ወረቀቶቹ ግን አይጣሉም፤ እያንዳንዱ ወረቀት ቀጣዩ ቁጥር ወደተሰጠው ሰው ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ ሁለት ሰው እስኪቀር ድረስ። እያንዳንዱ እጩ ደግሞ «እንዲህ አድርገህ ቁጥር ስጥ» የሚል ካርድ በር ላይ ያድላል፤ ሰዉም አብዛኛው እንዳለ ይገለብጠዋል።

«ገባኝ አክስቴ» አለች። «ለጀልባው የቆማችሁት እርስዎና ኖሪን ናችሁ። ስለዚህ እርስዎን አንድ፣ እሷን ሁለት።»

«ካርዱ ገና አልታተመም» አልኳት።

ፌብሩዋሪ 27

አጥር ላይ ያለው ፎቶዬ ላይ ሪዝ ሳሉበት። የኖሪን ፎቶ ከአጠገቡ ንጹሕ ነው። ለምን? እኔ መጠየቄ ብቻ ነው።

ማርች 4፣ ረቡዕ

የአካባቢው ሬዲዮ አምስታችንንም ጠርቶን ነበር።

ጥሩ ነበር የተናገርኩት። ክሎዝን «በሳምንት ሦስት ቀን ሰዓት ከሩብ ሄዶ ሰዓት ከሩብ መመለስ፣ ያውም ለታመመ ሰው፤ አንተ ለፀጉር መቆረጫ እንኳ እንደዚህ ትሄዳለህ?» አልኩት። ከዚያ ጋዜጠኛው ወደ ኖሪን ዞሮ «ለአንድ ጉዳይ ሁለት ሆናችሁ መቅረባችሁ ለምንድን ነው?» ሲላት፣

«ግሌኒስ ልቧ ወርቅ ነው» አለች፤ «ብቻ ስትናደድ የተሳፈረችበትን ጀልባ ትበሳለች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዱድሪጅ ጠረጴዛ መታ። ክሎዝ ዕንባውን ጠረገ። እሷ ደግሞ ወዲያው እጄን ይዛ «እየቀለድኩ ነው» አለች፤ እጄን ነጠቅኳት። እየቀለዱ ነው የሚገድሉት። አገር ሁሉ ሰምቷል። ዳቦ ቤት ሰምተዋል። ሆስፒታል ውስጥ ነርሶቹ ሰምተዋል፤ ሜርቭን ላወጣው ስገባ ፊታቸውን አዞሩ።

«አንተም ሰማህ?» አልኩት መኪና ውስጥ።

«ማሽኑ ይጮኻል» አለ። ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርድ አይደለም፣ ዛሬ አርባ ዲግሪ ነው።

ማርች 5፣ ሐሙስ

ካርዱን ለሕትመት አስገባሁ።

1 እኔ። 2 ዱድሪጅ። 3 ፍሬዘር። 4 ክሎዝ። 5 ኖሪን።

አንድ ሰው መቼም አምስተኛ መሆን አለበት፤ ሕጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞስ ወረቀቶቼ የሚተላለፉት እኔ ከወደቅኩ ነው። ማን ይወድቃል አለ?

ማርች 8፣ እሑድ

ካርዶቹ ታትመው መጡ፣ አረንጓዴ ናቸው። ሜርቭ ካርቶኑን ከፍቶ አንዱን አነሳ፣ መነጽሩን ፈለገ፣ አደረገው፣ እንደገና አነበበው።

«ክሎዝ አራተኛ፣ እህቴ አምስተኛ?»

«ቁጥር ነው እንግዲህ።»

«ምርጫ ደግሞ ሌላ ምን ነገር ነው?»

«በሬዲዮ ስትሰድበኝ የት ነበርክ?»

«ማሽን ላይ ነበርኩ» አለ። ካርዱን መልሶ አስቀመጠ፤ ተስተካክሎ እንዲቀመጥ ጠርዙን በጣቱ ገፋ። ከዚያ «ግሌን፣ ለእኔ የምታሻግረኝ አንቺም ብትሆኚ እሷም ብትሆን ያው ነው። እኔ የምፈልገው መሻገሩን ነው» አለ።

ያው ነው አለኝ። አርባ አንድ ዓመት ኖረን፣ ያው ነው።

ማርች 16፣ ሰኞ

ከምርጫው ቀን ቀድሞ መምረጥ ለሚፈልግ ጣቢያ ተከፍቷል። ከጠዋት ጀምሮ ዋሪንካ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ካርድ አድላለሁ። እግሬ አለቀ።

የክሎዝ ሰዎች ጨዋ ናቸው፤ ሳልጠይቃቸው ቀዝቃዛ ውሃ አመጡልኝ፣ ጥላ ሥር ወንበር ሰጡኝ። አንዱ ካርዴን አይቶ «በጣም ግሩም ካርድ ነው፣ ወይዘሮ ፔንሮዝ» አለኝ። ከገዛ ዘመዶቼ ያላገኘሁትን አክብሮት ከባላጋራ አገኘሁ።

ሜርቭን ከሆስፒታል የማውጣበት ሰዓት አለፈኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ኖሪን ካርዶቿን ለሰው ጥላ ሄዳ አወጣችው፣ ቤት አድርሳው ተመለሰች። በምርጫ መሃል! ሰው እንዲያይላት ነው።

ማርች 21፣ ቅዳሜ

የምርጫው ቀን። የትምህርት ቤቱ ግቢ። የቋሊማና የሽንኩርት ጢስ ጃኬቴ ውስጥ ገብቷል። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቋሊማ በዳቦ የሚሸጡት ወላጆች ዳቦ ጨርሰው እንደገና አስመጡ። ሰዉ ቋሊማውን በአንድ እጁ፣ የሁላችንን ካርድ በሌላው ይዞ ይገባል። ሜርቭ ኮፍያውን አድርጎ መጣ፤ የእኔን አረንጓዴ ተቀበለኝ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የኖሪንን ቢጫ ተቀበላት። ሁለቱን አጥፎ አንድ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

ሃርጂንደር ወጥታ «ልክ እንደ ካርድዎ አደረግኩ አክስቴ» አለችኝ፤ ፊቷ ግን ደስ አላለውም። «አምስተኛዋን ስጽፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ ግን እርስዎ ይበልጥ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ እንጂ።

ያው ዕለት፣ ማታ

በክፍለ ግዛቱ ውጤት ሁለቱ ፓርቲዎች ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ወንበር ይዘው ቆሙ። አንድ የምርጫ ክልል ቀረ። የኛ። ቴሌቪዥኑ ካርታውን ሲያሳይ ወንዛችን ብቻ ግራጫ ነው።

ክሎዝ አንደኛ፣ ግን ግማሽ አልሞላም። ኖሪንና እኔ ከኋላው፣ በጥቂት ወረቀት ልዩነት። ገና የሚቆጠር አለ። ትንሽ ነው የምትበልጠኝ። እደርስባታለሁ።

ማርች 24

ገና አልደረስኩባትም።

ማርች 26፣ ሐሙስ ማታ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ሰው ነገ የፈለገውን ያወራል፤ እዚህ ግን እውነቱ ይኑር።

ዋሪንካ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ቆጣሪዎቹ ጣታቸው ላይ ላስቲክ አጥልቀው። እኔ የራሴ ታዛቢ፣ ኖሪን ከማዶ የራሷ። ዱድሪጅ ወደቀ። ፍሬዘር ወደቀ። ሦስታችን ቀረን። ደምረው ሲጨርሱ ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ «ወይዘሮ ግሌኒስ ፔንሮዝ፣ ሦስተኛ» አለች፤ ከኖሪን በሁለት መቶ ገደማ አንሼ። ስለዚህ የሚበተነው የእኔ ክምር ነው።

ሁለት ሣጥን አስቀመጡ፤ አንዱ ክሎዝ፣ አንዱ ኖሪን። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ያነሳሉ። የመጀመሪያው፤ ክሎዝ አራት፣ ኖሪን አምስት፤ ወደ ክሎዝ። ሁለተኛው ወደ ክሎዝ። ሦስተኛው ወደ ክሎዝ። በእርሳስ፣ በጥንቃቄ፣ ልክ እንዳዘዝኳቸው። ጀልባው ይቆይ ብለው እኔን የመረጡ ሰዎች ናቸው! አብዛኞቹን በእጅ ጽሑፋቸው ሳይቀር የማውቃቸው ይመስለኛል፤ የኩምባ ሰዎች፣ በየቀኑ የሚሻገሩ። እየተነሱ ክሎዝ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ።

በየመሃሉ ካርዴን ያልታዘዘ ይወጣል፤ ወደ ኖሪን። መጀመሪያ «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» ብዬ ተቆጣሁ። ከዚያ እንዲበዙልኝ ጸለይኩ። ጠረጴዛውን ይዤ ጸለይኩ።

አንዷን ወረቀት አወቅኳት። ለአርባ አንድ ዓመት የገበያ ዝርዝር ሲጽፍልኝ የኖረ ሰው የሚጽፋት «2» ናት፤ ከታመመ ወዲህ የቁጥሯ አንገት ይንቀጠቀጣል። እኔን አንድ፣ እህቱን ሁለት። ቆጣሪዋ ወደ ኖሪን ሣጥን ስትጥላት ለደቂቃ ያህል ምንም አላየሁም።

አልበቃም። ክሎዝ በስድሳ አንድ ድምፅ አሸነፈ። ሃያ አራተኛው ወንበር፣ መንግሥቱም የእነሱ።

ክሎዝ እየሳቀ መጥቶ ሁለት እጄን ጨበጠ፤ «ግሌን፣ ይህን ውለታሽን መቼም አልረሳም» አለኝ። ግሌን! ባሌ ብቻ ነው ግሌን የሚለኝ። እጄን ታጠብኩ፣ ሁለት ጊዜ።

ኖሪን ውጪ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ አለፍኩ።

«ሁለተኛ አድርጌሽ ነበር» አለች።

ይሄ ስድብ ካልሆነ ምንድን ነው?

ቤት ስገባ ሜርቭ ነቅቶ ነበር። «ስንት ሄደ ወደ ክሎዝ? ካንቺ?» አለ።

«አላስታውስም» አልኩት።

ማርች 29፣ እሑድ

ለጋዜጣው ጻፍኩ። ሰው ካርድ ተቀብሎ ሳያመዛዝን እንደ በግ መገልበጡ ለዴሞክራሲ አደጋ ነው። ሰው የራሱ ጭንቅላት የለውም? ለሜርቭ አነበብኩለት።

«ያንቺን ካርድ ነው እኮ የገለበጡት» አለ።

«እሱን አይደለም የምለው!»

«እሺ።»

ሱቅ ገብቼ ነበር። ከመደርደሪያው ወዲያ አንዷ «ይቺ ናት እኮ ጀልባውን በእጇ ያስረከበችው» ስትል ሰምቻለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጀልባውን የሚያነሳው መንግሥት ነው፤ ፈራሚው ሚኒስትሩ ነው፤ የዋሸው ክሎዝ ነው፤ በሬዲዮ የጀመረችው ኖሪን ናት። እኔ ቁጥር ነው የጻፍኩት። ወተት ሳልገዛ ወጣሁ።

ኤፕሪል 17

ሃርጂንደር ቤቴ ከመጣች ቆየች። ዛሬ መንገድ ላይ አግኝቻት «ሥራ በዝቶብኝ ነው አክስቴ» አለች። ለቀማው ካለቀ ስንት ጊዜው!

ሜይ 29፣ ዓርብ

ጀልባው ለመጨረሻ ጊዜ ሄደ። ሰዉ በሁለቱም ዳርቻ ወጥቶ ነበር። የመጨረሻዋ መኪና ከሜርቭ እጥበት የምንመለስባት የእኛዋ ናት። ነጂው ዓይኑን ከገመዱ ላይ አላነሳም። ሜርቭ ዛሬ ዓይኑን አልጨፈነም።

ጁን 1፣ ሰኞ

በድልድዩ። ገና ሳይነጋ ተነሳን። ጉም። ካንጋሮ መንገድ ላይ፣ ለጥቂት ነው የሳትኩት። ሜርቭ ሲሄድ ታገሠ፤ ስንመለስ ግን ሁለት ጊዜ አስቁሞኝ አስታወከ። የእግሩ ጡንቻ ተኮማተረና ጮኸ፤ ጮኾ የማያውቅ ሰው። መኪናውን አቁሜ ባቱን እያሸሁ ክሎዝን ረገምኩ፣ ሚኒስትሩን ረገምኩ፣ መንገድ ሥራውን ረገምኩ።

«ግሌን፣ ዝም በይና እሺኝ» አለ።

ጁን 3፣ ረቡዕ

እንደገና። ከዚያም የባሰ።

ጁን 5፣ ዓርብ

አልሄድም አለ። አልሄድም! በሩ ላይ ቆሜ ጫማውን ይዤ ለመንኩት፣ ጮህኩበት፣ አለቀስኩ። «ይህን መንገድ ደግሞ ከምሄድ ልሙት» አለ። ረጋ ብሎ ነው ያለው፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን አንስቶ ራሱ ደወለ። ለማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ገባኝ፤ ከእሷ ቤት ሆስፒታሉ ያለ ወንዝ ይደረሳል። «ኖሪ፣ ያ የኋላ ክፍል ባዶ ነው?» አለ። እሷ የምትለው አይሰማኝም። እሱ «አዎ» ይላል። «አዎ። ትናደዳለች። አዎ። ታውቂያታለሽ።»

የሃርጂንደር ባል በትንሿ የዓሣ ጀልባው አሻገረው። ከዳርቻው ወርዶ ለመግባት ሁለት ሰው ደገፈው፤ ቁልቁለቱ ሸርተቴ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚደረግ ነገር አይደለም። ፒጃማውን፣ ሬዲዮውን፣ መነጽሩን አስያዝኩት። እኔም ልምጣ አላልኩም፤ በዚያች ሴት ቤት ምን ልሠራ? አትሂድ አላልኩትም። ሞቱን እንዴት ልለምነው?

ጁን 9

ለሚኒስትሩ ጻፍኩ። መልስ የለም። ቤቱ ይጮኻል፤ ማቀዝቀዣው ነው መሰለኝ።

በስልክ ደህና ነኝ ይላል። የእግሩ እብጠት ጎድሏል ይላል። ኖሪን ጨው የሌለውን ምግብ እንዴት እንደምታጣፍጥ ሊነግረኝ ጀምሮ ተወው።

ጁን 14፣ እሑድ

ፀሐይ ስለወጣ ወደ ውሃው ወረድኩ። ገመዱን አንስተውታል፤ ጀልባው ይቆምበት የነበረው ሲሚንቶ ላይ ፔሊካኖች ተቀምጠዋል። ማዶ ኖሪን ሜርቭን በወንበር አውጥታ ብርድ ልብስ አልብሳዋለች። ፊቱ ቀላ ያለ መሰለኝ፤ ከዚህ ርቀት ማወቅ አይቻልም።

እጁን አነሳልኝ። አንድ ነገር ተናገረ፤ ነፋሱ ወሰደው፣ ድምፁም ድሮም ጉልበት የለውም። እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ደገመው። አልሰማሁም። ኖሪን ጎንበስ ብላ ሰማችው፣ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ከቆጠራው ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሁለት እጇ አፏን ከልላ ጮኸች፦

«‹ቤቱ እንዴት ነው?› ይልሻል!»

እሱን አየሁት። ዘንበል ብሎ መልሴን ይጠብቃል፤ በቀጥታ ብነግረው አይሰማም።

«ባዶ ነው በይው» አልኳት።